ጓቲማላ ለሕክምና ሚሽን ልትሄዱ ነው? ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ሰመር ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ወይም ፕሪሜድ (ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀውን ኮርስ) የሚማር የሐበሻ ልጅ፣ ከክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረቱ ጋር ለአንድ ወይ ለሁለት ሳምንት ጓቲማላ ገጠር ሊሄድ ነው። ልጁ ስለ ስክራብ፣ ስለ ሐኪም ቤት የሥራ ልብስ፣ ይጠይቀኛል። እናት "ለመሆኑ አገሩ ሰላም ነው?" ትላለች። አባት ቀጥታ ወደ ገንዘቡ ነው የሚሄደው። ተመሳሳይ መልስ በየጊዜው ከምደጋግም እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማያዎች አልጠፉም እንዴ?

ኧረ አልጠፉም፤ የጓቲማላ ነባር ሕዝብ ናቸው። ፒራሚድ ያሉባቸው የጥንት ከተሞች ናቸው ባዶ የቀሩት፤ ሕዝቡ የትም አልሄደም። በ2018ቱ የጓቲማላ ሕዝብ ቆጠራ ከ100 ሰው 42 ያህሉ ማያ ነኝ ብሏል። ደቡብ ሜክሲኮ፣ ቤሊዝና ሆንዱራስም አሉ። ጓቲማላ ውስጥ ብቻ 22 የማያ ቋንቋዎች በሕግ ይታወቃሉ፤ ብዙ ተናጋሪ ያላቸው ቂቼ፣ ቄቅቺ፣ ካቅቺኬልና ማም ናቸው። ስለዚህ "ማያኛ" የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። "ኢትዮጵያኛ ትችላለህ?" ተብሎ የሚያውቅ ሰው ይኼ አይጠፋውም።

እዚያ ሐኪም የለም? ለምን ከአሜሪካ ሰው ይሄዳል?

ሐኪም አለ፣ ጎበዝም አለ። ግን አብዛኛው ዋና ከተማውና ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ነው ያለው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ያክማል፤ መድኃኒቱ ግን "አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" ይባላል። ለኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። በዚያ ላይ የትራንስፖርቱ ገንዘብ አለ፣ ሥራ የተቀረበት ቀን አለ፣ ስፓኒሽ የማትችል እናት በር ላይ የሚገጥማት ንቀት አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምግብ ነገር ነው። በ2014 እና 2015 የተካሄደው ብሔራዊ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46.5 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በማያ ቤተሰቦች ውስጥ ከዚህም ይብሳል። የሚበላው የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ቶርቲያ፤ ሲገኝ ቦሎቄ ይጨመርበታል። ሕፃኑ ይጠግባል፣ ግን አያድግም። የሚገርመው ጓቲማላ ሲቲ ውስጥ ኢንካፕ የሚባል የመካከለኛው አሜሪካ የሥነ ምግብ ተቋም ከ1949 ጀምሮ አለ። ኢንካፓሪና የሚባለውን የአጥሚት ዱቄት የፈጠረው እሱ ነው፣ ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል። ፋፋ ጠጥቶ ያደገ ሰው ቢቀምሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ብዙ እናቶች ደግሞ በሦስት ጉልቻ፣ በእንጨት፣ በተዘጋ ቤት ነው የሚያበስሉት። ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ታዝሎ ጭሱን አብሮ ይምጋል። ሳን ማርኮስ በሚባለው ደጋማ ክልል ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሠራላቸው ቤቶች ውስጥ ከባድ የሳንባ ምች መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ቡድናችሁ ጡብ አሸክሞ ምድጃ ሲያሠራችሁ "እኔ የመጣሁት ለሕክምና ነው" እንዳትሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ጓቲማላ የሚመረጠው ቅርብ ስለሆነም ነው። ከሂውስተን የሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል፣ ሐይቁ ያምራል። የሚወስነው ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቡድን አንድ አገር ላይ አይደራረብም ነበር።

ሚሽነሪዎች እዚያ ምን ዓይነት ስም አላቸው?

ሁለቱንም ዓይነት። ይኼን ሳያውቅ የሚሄድ ተማሪ ያናድደኛል።

ከደጉ ልጀምር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወንድም ፔድሮ የሚባል ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ሰው አንቲጓ ከተማ ውስጥ ድሃ በሽተኞች የሚያገግሙበት ቤት ከፈተ። በ2002 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላዋለች፤ በስሙ የተሰየመው ተቋም ዛሬም ያክማል። በ1917 ደግሞ ካሜሮን ታውንሰንድ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ መጣ። ካቅቺኬሎቹ ስፓኒሽ እንደማያነቡ ሲያይ ቋንቋቸውን ቁጭ ብሎ ተማረ፤ በ1931 አዲስ ኪዳን በካቅቺኬል ታተመ።

ለእኔ ግን ዋናው ካሮል ቤርሆርስት ነው። ከካንሳስ የመጣ ሐኪም ሲሆን መጀመሪያ የመጣው በሉተራን ቤተ ክርስቲያን በኩል ነበር። በ1962 ቺማልቴናንጎ ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። ከዚያ የካቅቺኬል ገበሬዎችን እያሠለጠነ የየመንደራቸው የጤና ሠራተኛ አደረጋቸው። የማኅበረሰቡን ችግሮች በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ ፍትሕንና የእርሻ መሬትን ከላይ ጻፈ፤ ሕክምናን ከታች፣ መጨረሻ ላይ። ሐኪም ሆኖ! የዓለም ጤና ድርጅት በ1975 ሥራውን ለሌላው አገር ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። የኛን ጤና ኤክስቴንሽን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከነዚያ የመንደር ጤና ሠራተኞች ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ገበሬን የሚያደራጅ ሰው ሁሉ ሽምቅ ተዋጊ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር።

አባ ስታንሊ ሮዘርም አሉ፤ የኦክላሆማ ገበሬ ልጅ ናቸው። በ1968 አቲትላን ሐይቅ ዳር ወዳለችው ሳንቲያጎ ሄዱ፣ ጹቱሂል ቋንቋ ለመዱ፣ ሚሽኑ ሬዲዮ ጣቢያና ትንሽ ሆስፒታል ነበረው። ስማቸው የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሰምተው አገራቸው ገቡ፣ ግን መልሰው ወደ ምዕመናኖቻቸው ሄዱ። ሐምሌ 1981 ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ። በ1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት ወንጌላዊ ክርስቲያን ነበር፤ እሁድ ማታ በቴሌቪዥን ይሰብክ ነበር። በዚያው ጊዜ ሠራዊቱ የኢሺል ማያዎችን መንደሮች ያቃጥል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ታዋቂ ሰባኪዎች ደገፉት። በ2013 ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው፣ በአሥር ቀን ውስጥ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፣ በ2018 እንደገና እየተዳኘ እያለ ሞተ። በጦርነቱ በጠቅላላው ከ200,000 በላይ ሰው ተገድሏል ወይም ደብዛው ጠፍቷል፤ የእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ ማንነታቸውን ካወቃቸው ተጎጂዎች 83 በመቶው ማያ ነበሩ።

ሕክምናውም የራሱ ጉድ አለው። ከ1946 እስከ 1948 የአሜሪካ መንግሥት ሐኪሞች ጓቲማላ ውስጥ እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ሳያስፈቅዱ ሆን ብለው ቂጥኝና ጨብጥ እንዲይዛቸው አድርገዋል። ነገሩ የተሰማው በ2010 ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ መርፌያችሁን አይተው "ቆይ" ቢሉ፣ "ኋላ ቀር ናቸው" ከማለት በፊት ይኼን አስቡ።

ተማሪ ሄዶ ምኑን ይሠራል?

አብዛኛውን ጊዜ ክሊኒኩ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው የሚዘረጋው። ሚኒባሱ ሲደርስ ወረፋው አጥሩን ዞሯል። ሴቶቹ በየአካባቢያቸው ጥለት የተሸመነ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሕፃን አዝለው፣ አንዳንዶቹ ሌሊት ተነስተው በእግር መጥተዋል። ተማሪው መጀመሪያ በር ላይ ነው፤ ስም ይመዘግባል፣ ክብደትና ቁመት ይለካል፣ ደም ግፊት ይይዛል። ቀጥሎ ፋርማሲው አለ፤ የሰለጠነ ሰው እያየው ክኒን ይቆጥራል፣ ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይስላል፣ ማንበብ የማይችል ሰው ጠዋትና ማታውን እንዲለይ። የማንበቢያ መነጽር ያስለካል። ልጆች ያጫውታል። ማታ ወለል ይጠርጋል።

የሚመጣው በሽታ ደግሞ ፊልም ላይ ያያችሁት ዓይነት አይደለም። ጨጓራ። የወገብ ሕመም፣ እንጨት ከመሸከምና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከመሸመን። ወስፋት። ራስ ምታት። ስኳር፣ ደም ግፊት። የሐኪሙን ጠረጴዛ የምታጨናንቁት "ልዩ ኬዝ" አለ ወይ እያላችሁ ከሆነ ወደ በሩ ተመለሱ።

ስፌት ወይም ጥርስ መንቀል "ሞክር" ቢሉኝስ?

አይሆንም በሉ። አሜሪካ ውስጥ የማይፈቀድልህን ነገር ሴትየዋ ድሃ ስለሆነች፣ ስለማትከስስህም፣ እዚያ ልትለማመድባት አትችልም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2011 ይህንኑ የሚል መመሪያ አውጥቷል፤ ማመልከቻ የሚያዩ ሰዎችም "ጓቲማላ ጥርስ ነቅያለሁ" የሚል ልጅ ሲያጋጥማቸው የሚያስቡት ልጁ እንደሚመስለው አይደለም። ድርጅቱ ራሱ በማስታወቂያው "ገና አንደኛ ዓመት ሆነህ በእጅህ ታክማለህ" ካለ አትሂዱ። ብሩን ከከፈላችሁም በኋላ ቢሆን።

ስፓኒሽ እችላለሁ፣ ይበቃኛል?

ከሾፌሩና ከነርሷ ጋር ይበቃል። ከአሮጊቷ ጋር ግን አይበቃም። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ አንዱ ወደ ስፓኒሽ ይመልሳል፣ ሌላዋ ወደ ቂቼ። ሴትየዋ ሆዷን ይዛ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ስለ ባሏም ስለ ዝናቡም ረጅም ነገር ታወራለች። መልሱ ሲደርስ "ሆዷን ያማታል" ብቻ ሆኖ ይደርሳል። መሐል ላይ የጠፋው ነገር ምናልባት ምርመራው ራሱ ነበር። ለዚህ ነው ጥሩ ቡድን ከመድኃኒት በፊት ለአስተርጓሚ የሚከፍለው። ዉቁ ቃዎቅ የሚባለው እዚያው ጓቲማላ ያለ የጤና ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ሥራውን የመሠረተው በማያ ቋንቋዎች በማከም ላይ ነው። ሃይማኖታዊ ድርጅት አይደለም፣ ግን ብዙ ሚሽን ከሱ ቢማር ጥሩ ነበር።

አንድ ጥሩ ዜና ለሐበሻ ልጆች፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ማለት ከቻላችሁ ጓደኞቻችሁን አስቀድማችኋል። እነዚህ ድምፆች በማያ ቋንቋዎች ሞልተዋል፣ አሜሪካኖቹ ሲታገሉ ትስቃላችሁ። ካቅቺኬል መንደር ከሆነ "ማትዮሽ" በሉ፣ አመሰግናለሁ ነው።

እንሰብካለን ወይስ እናክማለን?

መጀመሪያ፣ ወንጌል ያልሰማ ሕዝብ ጋ የምትሄዱ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ ካቶሊክ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጴንጤ ናቸው፤ አንዳንድ መንደር ውስጥ ድምፅ ማጉያው ከኛ ሰፈር አይተናነስም። የጥንቱን የ260 ቀን አቆጣጠር ይዘው የሚጸልዩ ሽማግሌዎችም አሉ፤ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ተራራው ላይ ሻማ የሚያበራም አለ።

የኔ አቋም ይኼ ነው። ጸሎት ለሚፈልግ ሰው መጸለይ ጥሩ ነው፣ ተጠይቆ፣ ከሕክምናው በኋላ፣ በዚያው አገር አማኝ አማካይነት። ወረፋ ላይ የቆመችን እናት ስብከት ካልሰማሽ ካርድ አይሰጥሽም ማለት ግን ነውር ነው። ስንት ሰው ጌታን እንደተቀበለ ቆጥሮ ለደጋፊ መላክም አልወድም። ልጇ ትኩሳት የያዘው እናት እጅሽን አንሺ ስትባል ታነሳለች፣ ምን ታድርግ?

ወጌሻና የልምድ አዋላጅ ጋ መሄዳቸውን ምን እንበላቸው?

ምንም አትበሏቸው። ጠይቋቸውና አዳምጡ። ገጠር ውስጥ ብዙ እናት የምትወልደው ኮማድሮና በሚሏት የልምድ አዋላጅ እጅ ነው፤ ከወሊድ በኋላ በእንፋሎት የሚሞቅ ትንሽ ቤት ውስጥ ታጥባታለች፣ ታሻታለች። ደም መፍሰሱ አላቆም ሲል ቤተሰቡን "ሆስፒታል እንሂድ" ብላ የምታሳምነውም እሷው ናት። የናንተ ቡድን ሲሄድ እሷ እዚያው ናት። እሷን ፊት ለፊት ያዋረደ ሐኪም በሚቀጥለው ዓመት ወረፋው ለምን እንዳጠረ አይገባውም።

በአንድ ሳምንት ምን ይለወጣል? ለአውሮፕላን የሚወጣውን ገንዘብ ብንልክላቸውስ?

አባቶች የሚጠይቁት ይኼን ነው፣ ልክም ናቸው። የአንድ ቡድን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ እዚያ ነርስ ቀጥሮ ለረጅም ጊዜ ያሠራል።

ስኳር ያለባትን ሴት አስቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርምራ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። የአንድ ወር ሜትፎርሚን ተሰጣት፣ "ጣፋጭ ቀንሺ" ተባለች፣ ቡድኑ ተሰናብቶ ሄደ። ከወር በኋላስ? ክኒኑ አለቀ፣ ማን እንደሚሰጣት አታውቅም፣ ዳንኩ ብላም ሊሆን ይችላል። ቡድኑ ግን "ይህን ያህል ሰው አከምን" ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ወስፋቱም ያው ነው፤ ውኃው ካልተስተካከለ ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ላይ ነገሩ ይለያል። የዓይን ሞራ፣ የሆድ እበጥ፣ የማሕፀን መውጣት፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ እነዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠሩ ተሠሩ ነው። ቋሚ ሆስፒታል ውስጥ፣ ቁስሉን በኋላ የሚያይ ሐኪም ባለበት ከሆነ ሳምንቱ ብዙ ዋጋ አለው። ጠቅላላ ክሊኒክ ላይ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቡድኑ ሲሄድ መዝገቡ ማን ጋ ይቀራል? የመንደሩ የጤና ሠራተኛ ስም ከተነገራችሁ፣ ስኳር ያለባትን ሴት በሚቀጥለው ወር ቤቷ ሄዶ የሚያይ ሰው ካለ፣ ያ ቡድን የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም የሚሠራው፤ የዓመት ሥራ ላይ አንድ ሳምንት እያገዘ ነው። "መዝገቡን ይዘነው እንመለሳለን" ካሏችሁ ግን አባታችሁ ልክ ነው። ገንዘቡን ላኩ።

ፈቃድም ጠይቁ። የውጭ ሐኪም ጓቲማላ ውስጥ ዝም ብሎ አያክምም፤ ከአገሪቱ የጤና ሚኒስቴርና ከሐኪሞች ማኅበሩ ጋር የሚያልቅ ወረቀት አለ። "እኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሆንን አያስፈልገንም" የሚል መሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ቡድን ፈልጉ።

ከልጆቹ ጋር ፎቶ መነሳት ይቻላል?

እናትየዋን ሳትጠይቁ በፍጹም። የሰው ልጅ ብድግ አድርጎ ማቀፍም እንደዚያው። ጓቲማላ ውስጥ ፈረንጅ ሕፃን ይሰርቃል የሚል ወሬ የቆየ ነው፤ ወደ ውጭ የሚሰጡ ሕፃናት ንግድ በእርግጥም ነበረ፣ በ2008 ገደማ በሕግ እስኪዘጋ ድረስ። በ2000 ቶዶስ ሳንቶስ በምትባል የማም መንደር ገበያ ላይ ይኼው ወሬ ተነስቶ አንድ ጃፓናዊ ቱሪስትና የአውቶቡሱ ሾፌር በሕዝብ ተደብድበው ተገድለዋል። የታማሚ ፎቶማ ጭራሽ። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ብታደርጉት የምትባረሩበት ነገር ነው።

ልጄ ደህና ይሆናል?

እማዬ፣ በአብዛኛው አዎ። ትልቁ አደጋ መንገድ ነው። ቡድኑ በሌሊት የማይጓዝ መሆኑን፣ የራሱ ሾፌር እንዳለው ጠይቂ። ዋና ከተማው ውስጥ ዝርፊያ አለ፤ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ ከአየር ማረፊያ ቀጥታ ይወጣሉ። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም፣ ጥርስም አይፋቅበትም። የጉበት በሽታ ኤ እና የታይፎይድ ክትባት ይውሰድ። ደጋው ላይ ወባ የለም፣ ቆላው ላይ ግን አለ፤ ስለዚህ የሚሄድበትን ቦታ ስም ለሐኪሙ ይንገር። ሼላ የሚሏት ኬትሳልቴናንጎ ከተማ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሊባል ይችላል፣ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱን ታውቂዋለሽና ጃኬት አስይዢው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው።

ቪዛስ?

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ቆንስላውን ይጠይቅ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አይርሳ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ልጅ ግን ከጠበቃው ጋር ሳይነጋገር እግሩን ከአሜሪካ እንዳያወጣ። ቅድመ ፈቃድ ሳይኖረው ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ይህን "የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ነው" ማለት አያድነውም።

መድኃኒት ሰብስቤ ልሂድ?

ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት አይወሰድም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቆይ መሆን አለበት ይላል፤ ጓቲማላ ጉምሩክም ወረቀት የሌለውን ይይዛል። ብዙው መድኃኒት እዚያው ይገዛል፣ ስሙም በስፓኒሽ የተጻፈ ስለሆነ ለሚቀጥለው ሐኪም ግራ አይሆንም። እናንተ የሚመች ጫማ፣ እጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና የራሳችሁን የሆድ መድኃኒት ያዙ። በጎፈንድሚ ኢንተርኔት ላይ የምትሰበስቡት መዋጮ ከሞላ በኋላ ሰው "ሌላ ምን ልርዳ?" ካላችሁ የአስተርጓሚዎቹ አበል በጀት ውስጥ መኖሩን መሪያችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የለም።